ለግቢያችን የሠራነው ድረ ገጽ እና የበሩ ነገር

በ2010 ዓ.ም. የሦስተኛ ዓመት የሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ተማሪ ሳለሁ የዚያ ዓመት ተመራቂዎች ኮሚቴ፣ በግቢ አጠራር ጂሲ ኮሚቴ፣ የምረቃ መጽሔቱን የሚያቀናብርለት ሰው አጥቶ ሥራው ወደ እኔና ወደ አንድ የዶርም ጓደኛዬ መጣ። የምረቃ መጽሔት ምን እንደሚመስል ግቢ የኖረ ሁሉ ያውቀዋል፤ ጋዋን የለበሰ ጉርድ ፎቶ፣ ሙሉ ስም፣ ዲፓርትመንት፣ ከሥሩ ደግሞ «ላስት ወርድ» የሚባለው የሁለት መስመር ስንብት ነው። ፎቶውን በፍላሽና በቴሌግራም እየተቀበልን፣ ስሙን ከዝርዝር ጋር እያመሳከርን ሦስት ሳምንት ተቀመጥን። በመጨረሻው ሳምንት አንዲት ተመራቂ የናሙናውን ገጾች እያገላበጠች «ይሄ ልጅ የእኛ ባች ነው እንዴ?» ስትል ሰማኋት። ልጁ የእሷው ባች ነበር፤ አራት ዓመት በአንድ ካፌ በልተዋል። መጽሔቱ ለመለያየት ሳይሆን ለመተዋወቅ የሚያገለግል ነገር ሆኖ ሳለ የሚወጣው ሰው ሻንጣውን ከሸከፈ በኋላ መሆኑ የገረመኝ ያን ጊዜ ነው። ለፍሬሽ ተማሪ የሚደርስ፣ በየቀኑ የሚታደስ የምረቃ መጽሔት ብናደርገውስ የሚለው ሐሳብ የተጠነሰሰው በዚያች ክፍል ውስጥ ነው።

እርግጥ ሐሳቡ ብዙ ቀዳሚ ነበረው። ኦርኩት ቡዩክኮክተን የተባለው የስታንፎርድ ተማሪ እ.ኤ.አ. በ2001 ክለብ ኔክሰስ የሚባል የተማሪዎች መገናኛ ሠርቶ ነበር። ማርክ ዙከርበርግ ፌስቡክን በሃርቫርድ የከፈተው እ.ኤ.አ. የካቲት 2004 ሲሆን፣ ስሙ የተወሰደው የተማሪዎችን ፎቶና ስም ከሚይዘው የዩኒቨርሲቲው መዝገብ፣ ማለትም ከእኛው የምረቃ መጽሔት ዘመድ ነው። ቻይናዊው ዋንግ ሺንግ እ.ኤ.አ. በ2005 የመሠረተው፣ ኋላ ሬንሬን የተባለው ድረ ገጽ ደግሞ መጀመሪያ ሺያኦኔይ ይባል ነበር፤ ትርጉሙ «ግቢ ውስጥ» ማለት ነው። ይህን ባነበብኩ ቀን ከዚህ የተሻለ ስም አላገኝም ብዬ የእኛንም በዚያው መንፈስ ሰየምኩት፤ ስሙን ግን እዚህ አልጠቅሰውም፣ ምክንያቱ ወደ ታች ግልጽ ይሆናል።

ስለ ፌስቡክ አጀማመር የሚያወራ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሣው የዶርሙን ክፍል፣ የባለ ሐሳቡን ዕድሜና በኋላ የመጣውን ገንዘብ ነው። እኔ ራሴ ድረ ገጽ ከሠራሁ በኋላ ግን ከታሪኩ ሁሉ ትልቁ ነገር ሆኖ የታየኝ ማንም ብዙ የማይናገርለት አንድ መስመር ነው፦ ለመመዝገብ የሃርቫርድ ኢሜይል ያስፈልግ ነበር። ከሃርቫርድ ወደ ኮሎምቢያ፣ ወደ ስታንፎርድና ወደ ዬል ሲሻገርም እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ለብቻው የታጠረ ግቢ ሆኖ ነበር የተከፈተው። ከ13 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ሁሉ እንዲገባ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በመስከረም 2006 ነው። ስለዚህ አንድ ተማሪ እውነተኛ ስሙን፣ የዶርሙን ቁጥርና የሚወስደውን ኮርስ ሳይጠራጠር የጻፈው ድረ ገጹ ስላማረው ብቻ አልነበረም፤ የሚያነበው ሰው ነገ በኮሪደሩ የሚያገኘው ሰው መሆኑን ስለሚያውቅ ጭምር ነው። በር ጠባቂነቱን በነፃ የሠራው ዩኒቨርሲቲው ነበር፤ ለእያንዳንዱ ተማሪ ኢሜይል ሰጥቶ፣ ሲመረቅ ወይም ሲባረር መዝገቡን ራሱ ያስተካክል ነበርና።

እኛ ይህ በር አልነበረንም። ለተማሪ የሚሰጥ የዩኒቨርሲቲ ኢሜይል በግቢያችን አልተለመደም ነበር። የመታወቂያ ቁጥር አለ፤ ነገር ግን ቁጥሩ ተከታታይ ከመሆኑም በላይ የሚድና የፋይናል ውጤት በሰሌዳ የሚለጠፈው በዚያው ቁጥር ስለሆነ፣ የሌላውን ሰው ቁጥር ማወቅ ለሚፈልግ ከዲፓርትመንቱ ሰሌዳ ፊት ሁለት ደቂቃ መቆም ይበቃዋል። የተማሪዎችን ዝርዝር እንዲሰጡን የሚመለከተውን ቢሮ በደብዳቤ ጠየቅን፤ «ለማን ነው የምሰጠው? ማነህ አንተ?» ተብዬ ተመለስኩ። ያን ቀን በንዴት ምሳ አልበላሁም። ዛሬ ግን ኃላፊው ልክ እንደነበሩ አምናለሁ፤ የጥቂት ሺህ ሰዎችን ስም፣ የትውልድ ቦታና ስልክ ለአንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ በፍላሽ ገልብጦ መስጠት ነውር ነበር።

ስለዚህ በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ስንከፍት የመረጥነው መንገድ ተመዝጋቢው የመታወቂያውን ፎቶ አንሥቶ እንዲልክ፣ እኛም በዓይናችን አይተን እንድናጸድቅ ነበር። ማታ ማታ ከእራት በኋላ እኔና ጓደኛዬ አልጋ ላይ ተጋድመን ፎቶ እያየን «ይለፍ»፣ «ደብዝዟል፣ ይመለስ» እያልን እንውል ነበር፤ እናመሽ ነበር ማለት ይሻላል። መጀመሪያ አካባቢ ሥራው ደስ ይል ነበር። የሰው ፊት አይተህ ስሙን አንብበህ በር የመክፈት ስሜት አለው።

ወደ በሩ ከመመለሴ በፊት ስለ ስም ልናገር፤ በዚህ ሥራ ውስጥ ከሁሉ ይበልጥ ያስደሰተኝም ያሠቃየኝም እሱ ነውና። ለመነሻ የወሰድነው ፒኤችፒ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተዘጋጀ ኮድ «ስም» እና «የቤተሰብ ስም» የሚሉ ሁለት ሣጥኖች ነበሩት። እኛ አገር የቤተሰብ ስም የለም፤ ሁለተኛው የአባት ስም ነው። ይህን እያወቅን ኮዱን ሳናስተካክል ስለከፈትን፣ ለአዲስ ተመዝጋቢ የሚላከው የእንኳን ደህና መጣህ መልእክት የከበደን ልጅ «ውድ ከበደ» እያለ አባቱን ሲቀበል ሰነበተ። አንዱ ተማሪ «አባቴ ገበሬ ነው፣ ፌስቡክ አይጠቀምም፣ ለምን ትጠሩታላችሁ?» ብሎ ጻፈልን።

የፍለጋው ነገር ደግሞ ከዚህ ይከፋል። ኃይሌ የሚለውን ስም አንዱ በ«ኃ»፣ አንዱ በ«ሀ»፣ አንዱ በ«ሃ»፣ አንዱ በ«ሐ» ይጽፈዋል፤ ፀሐይ ስንል «ፀ» ወይስ «ጸ»፣ «ሐ» ወይስ «ሀ» የሚለው ብቻ ብዙ ዓይነት አጻጻፍ ይሰጠናል። ለሚያነበው ሰው ሁሉም አንድ ናቸው። ለኮምፒውተር ግን ለየፊደሉ ቁጥር በሚሰጠው በዩኒኮድ ሥርዓት ውስጥ የየራሳቸው ቁጥር ያላቸው የተለያዩ ፊደላት ናቸው፣ ስለዚህ አንዱን ጽፈህ ሌላውን አታገኝም። ከብዙ ክርክር በኋላ ያደረግነው ስሙን ባለቤቱ እንደጻፈው ማስቀመጥ፣ ከጎኑ ደግሞ ማንም የማያየው ሁለተኛ ዓምድ መክፈት ነው። በዚያ ዓምድ ሐ፣ ኀ፣ ሃ፣ ኃ እና መሰሎቻቸው ሁሉ ወደ «ሀ»፣ ሠ ወደ «ሰ»፣ ዐ፣ ዓ እና ኣ ወደ «አ»፣ ፀ ወደ «ጸ» ከነቤተሰባቸው ይለወጣሉ፤ ፈላጊው የሚጽፈውም ቃል ፍለጋው ከመጀመሩ በፊት በዚያው ወንፊት ያልፋል። ቁም ነገሩ የሚታየውን ስም አለመንካት ነው። አንድ ጓደኛችን «ሠ»ን በ«ሰ» ተክተን በገጹ ላይም እናሳይ ብሎ ነበር፤ ሠናይት የተባለች ልጅ «እናቴ ያወጣችልኝን ስም ማን አረማችሁ?» ብላ ብትመጣ ምን ልንላት ነው ብዬ እምቢ አልኩ። ይህ ኮድ ሃያ መስመር ቢሆን ነው፤ እስካሁን በሥራ ቦታዬ እጠቀምበታለሁ።

ስለ ቀን ብዙ አልልም። የልደት ቀን ማስገቢያው የፈረንጅ ስለነበር፣ በ1990 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ ዓመቱን እንዳለ ሲያስገባ ድረ ገጹ ዕድሜውን ሰባት ስምንት ዓመት ይጨምርለት ነበር። ጳጉሜን ውስጥ የተወለዱት ደግሞ የሚመርጡት ወር ስላልነበራቸው ዝም ብለው ጳጉሜን ያለ ልደት አሳልፈዋል። ዐሥራ ሦስቱን ወሮች በዝርዝር ጽፈን አስተካከልነው።

ሰርቨሩ፣ ማለትም ድረ ገጹ የሚሠራበት ኮምፒውተር፣ ያለው ውጭ አገር ሲሆን ኪራዩ በወር 5 ዶላር ነበር፤ ያን ጊዜ 140 ብር አይሞላም። ችግሩ ገንዘቡ ሳይሆን የሚከፈልበት ካርድ ነበር፤ እዚህ ያለ ተማሪ በኢንተርኔት ዶላር የሚከፍልበት መንገድ አልነበረውም። ቨርጂኒያ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ በካርዷ ትከፍልልን ነበር፤ በየሁለት ወሩ እየደወለች «አንተ ልጅ፣ ይሄ አምስት ዶላር የምንድን ነው? ቁማር እንዳይሆን ብቻ!» ትለኝ ነበር። በዚህ ዋጋ ያን ጊዜ ይገኝ የነበረው 1 ጊጋባይት ራም ብቻ ያለው ደካማ ማሽን ነበር፣ በመጀመሪያው ምሽትም ወደቀ። ምክንያቱ የተማሪው ብዛት ሳይሆን የእኔ ስንፍና ነበር፤ የፊት ገጹ ሃያ ጽሑፎችን ሲያሳይ የእያንዳንዱን ጸሐፊ ስምና ፎቶ ለየብቻ መረጃው ሁሉ ከተቀመጠበት ከዳታቤዙ ይጠይቅ ስለነበር አንድ ሰው ገጹን በከፈተ ቁጥር ከአርባ በላይ ጥያቄ ይሄዳል። በአንድ ጥያቄ አጠቃለልነው፤ ፎቶዎቹንም በሰርቨሩ ላይ እያሳነስን የፊት ገጹን ክብደት ከሁለት ሜጋባይት በላይ ወደ መቶ ኪሎባይት ገደማ አወረድነው። ተማሪ በፓኬጅ ነው የሚጠቀመው፤ ከባድ ገጽ ማለት ከኪሱ ሳንቲም የሚወስድ ገጽ ማለት ነው።

ተማሪው ምን ሊሠራበት ነው የሚለውን አስቀድመን በደንብ የምናውቅ መስሎን ነበር። ጓደኛ መጠየቅ፣ ፎቶ መለጠፍ፣ አስተያየት መስጠት አልን። ለዚያ ግን ፌስቡክም ቴሌግራምም ነበሩ፤ የየሴክሽኑ ሬፕ (ተወካይ) የከፈተው የቴሌግራም ግሩፕ ማስታወቂያውንም ሃንድአውቱንም ያዳርሳል። የእኛ ገጽ ሰው ያገኘው ማናችንም ባላሰብነው ነገር፣ በዶርም ልውውጥ ነው። ግቢያችን ዶርም የሚመድበው በስም ፊደል ተራ ነበር። ስሙ በ«አ» የሚጀምር ሁሉ አንድ ብሎክ፣ በ«መ» የሚጀምር ሌላ ብሎክ ይገባል፤ ስለዚህ ሁለት ያገር ልጆች ወይም ሁለት የአንድ ዲፓርትመንት ጓደኛሞች አብረው ለመኖር ከሦስተኛ ሰው ጋር መቀያየር ነበረባቸው። ይህ ልውውጥ የሚካሄደው በብሎኩ በር ላይ ወረቀት በመለጠፍ ነበር። «ከብሎክ 14 ወደ ብሎክ 9 መቀየር የምትፈልግ» የሚል ሣጥን በከፈትን በሳምንቱ ሰው ጎረፈ።

በኋላ የጓደኝነት ሠንጠረዡን ስመረምር የገረመኝን ነገር ላካፍላችሁ። አንድ ሰው ከማን ጋር ወዳጅ ሊሆን እንደሚችል ለመገመት ከዲፓርትመንቱና ከትውልድ ቦታው ይልቅ የስሙ የመጀመሪያ ፊደል የተሻለ ምልክት ነበር። አበበዎቹ ከአዲሱዎች ጋር፣ ሙሉጌታዎቹ ከመስፍኖች ጋር ተወዳጅተዋል። ወላጅ ልጁን ሲሰይም የሚሆንለትን ጓደኛም አብሮ እየመረጠ እንደሆነ ማን ያውቃል? የሶሺዮሎጂ ተማሪ የነበረች፣ ኋላ ሦስተኛ ባልደረባችን የሆነች ልጅ ይህን አይታ ለመመረቂያ ጽሑፏ ልትወስደው ፈልጋ ነበር፤ የሰዎቹን ፈቃድ ሳንጠይቅ አይሆንም ያለችው ግን ራሷ ነች።

አሁን ወደ በሩ። በ2011 ዓ.ም. ጥር ላይ አንድ የኤሌክትሪካል ፍሬሽ ተማሪ በገጹ የውስጥ መልእክት እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ፦ «ወንድሜ፣ ይቅርታ አድርግልኝ። የላኩትን የመታወቂያ ፎቶ ደግሜ ለማየት ፈልጌ በአድራሻው መጨረሻ ያለውን ቁጥር በአንድ ቀነስኩት። የሌላ ሰው መጣ።» ፎቶዎቹን በአንድ ማኅደር ውስጥ ከአንድ ጀምሮ በተከታታይ ቁጥር ነበር የማስቀምጣቸው፤ ማኅደሩም ላይ ቁልፍ አልነበረበትም። ስልኬን አውጥቼ የነገረኝን አደረግሁ። 212ን 211 ሳደርገው አንዲት የማላውቃት ልጅ ከነሙሉ ስሟ፣ ከነመታወቂያ ቁጥሯና ከነፊርማዋ ፊቴ ቆመች። 210 ስል አንድ ሌላ። 209 ስል ደግሞ የዶርም ጓደኛዬ። ጣቴ የቀዘቀዘው ያኔ ነው።

በዚያው ሌሊት ማኅደሩን አጠፋሁት፤ ከሰርቨሩ የመዝገብ ፋይል ላይም ፎቶዎቹን ያየ ሌላ ሰው እንዳለ ፈለግሁ። ከእኛና ከልጁ በቀር ጎልቶ የታየ አልነበረም፤ መዝገቡ የያዘው ግን የመጨረሻዎቹን ሁለት ሳምንታት ብቻ ስለነበር ከዚያ በፊት ስለሆነው መማል አልችልም። በማግሥቱ ለተመዝጋቢዎቹ ሁሉ የሆነውን ሳንሸፍን ጻፍንላቸው። አብዛኛው ሰው ምንም አላለም። አንዲት ልጅ ግን ስሟን ጨርሰን እንድናጠፋ ጠይቃ ወጣች፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅናትም። በአገራችን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ እንዲህ ያለው ጥፋት በሕግ የሚያስጠይቅ ሆኗል። ያኔ የሚጠይቀኝ ሕግ ባይኖርም የ211ን ፊት እስካሁን አስታውሰዋለሁ።

ከዚያ በኋላ መታወቂያ መቀበል ትተን ወደ ምስክርነት ዞርን። አዲስ ገቢ ሁለት ነባር አባላት «አውቀዋለሁ፣ የእኛ ዲፓርትመንት ነው» ካሉለት ይገባል። በሐሳብ ደረጃ ውብ ነበር። አገራችን በዋስ የምትሠራ አገር ናት፤ ዕድርም ዕቁብም አዲስ ሰው የሚቀበለው በሚያውቀው ሰው ቃል ነው። ሳልረዳው የቀረሁት ዕቁብ ላይ ዋስ የሆነ ሰው፣ ዋስ የሆነለት ሰው ሲጠፋ ከኪሱ እንደሚከፍል ነው። በእኛ ገጽ ላይ ግን ለማንም መመስከር ምንም አያስከፍልም፣ ስለዚህ ሰዉ በአንድ ንኪት ለማያውቀው ሁሉ ይመሰክር ነበር።

በዚሁ ዓመት የካቲት ላይ ሁለተኛውን ስሕተት ጨመርንበት። በየግቢው «ኮንፌሽን» የሚባሉ፣ ተማሪ ስሙን ሳይገልጽ የልቡን የሚጽፍባቸው የቴሌግራም ቻናሎች ተወደው ስለነበር እኛም ስም የማይታይበት የመጻፊያ ክፍል ከፈትን። በአንድ ወር ውስጥ ከሌላው ሁሉ የሚበልጥ አንባቢ አገኘ። በላይብረሪ ሦስተኛ ፎቅ ቢጫ ሹራብ ለብሳ ለምትቀመጠው ልጅ የተጻፈ አለ፤ ኤፍ አግኝቶ ለቤተሰቡ መንገር ያቃተው ልጅ የጻፈው አለ። ለዚህኛው ከመቶ በላይ ሰው መልስ ሰጥቶት ነበር፤ ከነዚህ አንዱ «እኔም ተባርሬ ተመልሻለሁ፣ ነገ ላውንጅ ና፣ ሻይ በእኔ» የሚል ነበር። ባልደረባችን ግን ከመጀመሪያው አልወደደችውም። «ስሙ አይታይም ማለት ለማን አይታይም ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ለአንባቢ አይታይም እንጂ በዳታቤዙ ውስጥ የጸሐፊው መለያ ቁጥር ከእያንዳንዱ ጽሑፍ ጎን ተቀምጦ ነበር፤ ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ማስታወቂያችን «ማንም አያውቅዎትም» ይል ነበር። ያ ዓረፍተ ነገር ውሸት ነበር፤ የጻፍኩትም እኔ ነኝ።

በ2011 ዓ.ም. ሰኔ ላይ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ገጹ ለቀናት ከተማሪው ተለየ። ሰርቨሩ ውጭ ስለነበር በግቢው የውስጥ መረብ እንኳ ልንደርስበት አልቻልንም። ስንመለስ ለመጠገን ጊዜ አልነበረም፤ ፋይናል ደርሶ ነበር።

በ2012 ዓ.ም. ኅዳር በበርካታ ዩኒቨርሲቲዎች ግጭት ተነሥቶ የተማሪዎች ሕይወት ማለፉን ሁላችንም እናስታውሳለን። በእኛ ግቢ እስከዚያች ሌሊት ድረስ የደረሰ ነገር አልነበረም፤ ሰዉ ግን ጆሮውን አቁሞ ነበር የሚያድረው። ከምሽቱ አራት ሰዓት ገደማ ስም በማይታይበት ክፍል ውስጥ፣ የአንድ ብሔር ልጆች ወደ አንድ የተጠቀሰ ብሎክ ሊመጡ እየተዘጋጁ እንደሆነ የሚናገር ሦስት መስመር ተለጠፈ። እኔ ከግቢ ውጭ የአጎቴ ቤት ነበርኩ። ባልደረባችን ደውላ «አጥፋው፣ አሁኑኑ አጥፋው» ስትለኝ ከኋላዋ በኮሪደሩ የሚሮጥ እግር ይሰማኝ ነበር። የስልኬ ኔትወርክ የአስተዳዳሪውን ገጽ ለመክፈት አልቻለም፤ በአጎቴ ግቢ ውስጥ ስልኬን ከፍ አድርጌ እየዞርኩ ጽሑፉን እስካጠፋው ድረስ አርባ ደቂቃ ያህል አለፈ። በነዚያ አርባ ደቂቃዎች የዚያ ብሎክ ልጆች ብርድ ልብሳቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ወደ ኳስ ሜዳው ወጥተው ነበር። ማንም አልመጣም። ጽሑፉ ውሸት ነበር። አንድ ልጅ ደረጃ ሲወርድ እጁ ከመሰበሩ በቀር ሌላ ጉዳት አልደረሰም፤ ይህንንም የሰማሁት ከሦስት ቀን በኋላ ነው።

በነጋታው ጠዋት ስም አይታይም ያልኩበትን ሠንጠረዥ ከፈትኩ። ጸሐፊው ከሁለት ቀን በፊት የተመዘገበ ነበር። የመሰከሩለትን ሁለቱን አየሁ፤ እነሱም በዚያው ዕለት የተመዘገቡ ነበሩ። ለነሱ የመሰከሩትን ስመለከት ግን እውነተኛ ተማሪዎች አገኘሁ፤ ጠርቼ ስጠይቃቸው «ጥያቄ መጣልኝ፣ ተጫንኩት፣ ማን እንደሆነ አላውቅም» አሉኝ። ጸሐፊው የግቢያችን ተማሪ ይሁን፣ ከአገር ውጭ ተቀምጦ የሚጽፍ ይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። ከሰዓት በኋላ ወደ አንድ ቢሮ ተጠርቼ ማን እንደጻፈው ተጠየቅሁ፤ ያለኝን ሁሉ ተናገርኩ፤ ያለኝም ከአንድ የሐሰት ስም በላይ አልነበረም። የጠየቁኝ ሰው «ታዲያ የምታውቀው ሰው ከሌለ ማንን ነው የሰበሰብከው?» አሉ። መልስ አልነበረኝም። በሩ ላይ ማንም እንዳልቆመ ለመጀመሪያ ጊዜ የገባኝ በዚያ ወንበር ላይ ነው፤ መቶ ጊዜ ባሻሻልነው ፍለጋ፣ ባቀለልነው ገጽና ባስተካከልነው ጳጉሜን ውስጥ በሩን እንደረሳሁት ማለቴ ነው።

ያን ቀን ስም የማይታይበትን ክፍል ዘጋን። ምዝገባውንም አቆምን። ገጹ በነባሮቹ ብቻ ቀጠለ፤ ዶርም መቀያየሪያው ይሠራ ነበር፣ ከዚያ ውጭ ያለው ቀዝቅዟል። የሚቀጥለውን በር በአካል ልናደርገው አሰብን፤ በዓመቱ መጀመሪያ ሬጅስትራር ፊት ለፊት ጠረጴዛ ይዘን ተቀምጠን፣ መታወቂያውን አይተን ሳንቀዳ፣ የአንድ ጊዜ ኮድ ያለበት ቁራጭ ወረቀት ለመስጠት። አሁንም ከሁሉ የተሻለው መንገድ ይህ ይመስለኛል። ዛሬ ፋይዳ የሚባለው ብሔራዊ መታወቂያ አለ የሚሉኝ ወጣቶች አሉ፤ ፋይዳ ሰውየው ማን እንደሆነ ይነግርሃል እንጂ የየትኛው ግቢ ተማሪ እንደሆነ አይነግርህም፣ በሁለት ተማሪዎች የሚተዳደር ገጽም ያን ያህል ከባድ መረጃ መያዝ የለበትም። ጠረጴዛ፣ ወረቀትና ዓይን ለዓይን መተያየት ለጥቂት ሺህ ሰው ይበቃል።

ጠረጴዛውን ግን አላወጣነውም። በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ላይ በኮሮና ምክንያት ትምህርት ተቋርጦ ተማሪው ወደየቤቱ ተላከ። ለግቢ የተሠራ ድረ ገጽ ግቢው ባዶ ሲሆን ምን እንደሚመስል ያየሁት በዚያ ሰሞን ነው፤ ብሎክ 14 ባዶ ነው፣ የሚቀየር ዶርም የለም፣ ግማሹ ተማሪ ኔትወርክ በማይደርስበት ገጠር ገብቷል። በአንዳንድ ቀን የሚገቡት እኔና ባልደረባችን ብቻ ነበርን። ነሐሴ ላይ ለሁሉም ደብዳቤ ጽፈን፣ ፎቶውን መውሰድ የሚፈልግ እንዲወስድ የሁለት ሳምንት ጊዜ ሰጥተን፣ ዳታቤዙንም ቅጂዎቹንም አጠፋሁ። ለአክስቴ ልጅ አምስት ዶላሯ ከእንግዲህ እንደማይቆረጥ ስነግራት «ተበላህ እንዴ?» አለችኝ።

በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ እኛ ተመራቂዎች ኮርሳችንን እንድንጨርስ ወደ ግቢ ተጠራን። በሁለተኛው ሳምንት የእኛ ባች ጂሲ ኮሚቴ ሰብሳቢ ዶርም ድረስ መጥቶ፣ ለምረቃ መጽሔቱ ጊዜ ስለሌለ በድረ ገጹ ላይ የነበሩትን ፎቶና ስሞች እንድሰጠው ለመነኝ። እንዳጠፋኋቸው ስነግረው አላመነኝም፤ ላፕቶፔን ከፍቼ አሳየሁት። ትንሽ ቆይቶ ከኪሱ ፍላሽ አወጣና «እንግዲያው ያንተን ፎቶ ጀምርበት» አለኝ።